በቁሙ የተለቀሰለት አናጢ

ደብረ ብርሃን፣ ረፋድ ላይ፤ የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን የሚማረውና ለልምምድ ወደ ሰፈሩ ጤና ጣቢያ የተመደበው ወጣቱ ዶክተር ኢዮስያስ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በጡረተኛው አናጢ በአቶ ገብረየስ ግቢ በር ላይ ቆሟል፤ የአናጢው ሚስት ወይዘሮ ሽታዬ ደግሞ ከውስጥ ሆና በሩን ይዛ አልከፍትም ብላለች።

ኢዮስያስ፦ እትዬ ሽታዬ፣ እባክዎ ትንሽ እንኳ ገርበብ ያድርጉልኝ። ድንጋዩ ከበደኝ።

ሽታዬ፦ ማን ተሸከም አለህ?

ኢዮስያስ፦ የእድሩ ሽማግሌዎች። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ይሸከማል አሉኝ።

ሽታዬ፦ እስቲ በሽንቁሩ ልየው። ይሄ ነው ድንጋይ? ይሄማ ለወንጭፍ ነው። አባቴ ከባላጋራው ሊታረቅ የተሸከመው የወፍጮ መጅ አይደለም፣ ወፍጮውን ራሱን ነበር። ለማውረድ ሁለት ሰው ነው የረዳው።

ኢዮስያስ፦ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ካገኘሁት ትልቁ ይሄ ነው።

ሽታዬ፦ አይ፣ ጥፋትህን በግቢህ ድንጋይ ልክ ቆርጠህ ነዋ የመጣኸው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ሲባል አልሰማህም? ሂድ ልጄ፣ ከወሰድክበት መልሰው።

ኢዮስያስ፦ ይቅርታዬን ሳይሰሙኝ አልሄድም።

ሽታዬ፦ ሰምቼሃለሁ እኮ። መጀመሪያ የእድሩን ሊቀመንበር ላክህ፣ ሰማሁት። ቀጥለህ ያቺን አስተማሪህን፣ ዶክተር ቤዛዊትን ይዘህ መጣህ፣ እሷንም እዚሁ በር ላይ ሰማኋት። ጨዋ ናት፣ አንገቷን ሰብራ ነው የተናገረችው። ጆሮዬ ደህና ነው። የተበላሸብኝ ሌላ ነው።

ኢዮስያስ፦ ዛሬ ግን ለይቅርታ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ጋሽ ገብረየስን ልያቸው።

ሽታዬ፦ ለምን? መሞቱን ልታረጋግጥ?

ኢዮስያስ፦ እንደሱ አይበሉ፣ እትዬ።

ሽታዬ፦ አንተ ያልከውን ነው ያልኩት። በጥሩንባ ያስነገርከው አንተ ነህ።

ኢዮስያስ፦ የሳቸውን ስም አላስጠራሁም።

ሽታዬ፦ ጥሩንባ ስም ሳይጠራም ስም አለው። ቆይ፣ እስከ ዛሬ ያልገባኝን ልጠይቅህ። እዚህ ሰፈር ሰው መጥሪያ ጠፍቶ ነው? ስልክ አለ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ለቤት ትዞራለች። ቄሱ አሉ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ንገሩልኝ ብትላቸው እምቢ አይሉህም። ከዚህ ሁሉ መርጠህ የቀብር ጥሩንባ?

ኢዮስያስ፦ ትምህርታችን ነው ያሳሳተኝ። አይ፣ ትምህርቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የቤተሰብ ሐኪም በሽተኛ እስኪመጣለት ወንበር ላይ አይቀመጥም ይሉናል። ወደ ሰፈሩ ውጡ፣ ሰፈሩ በእጁ ምን እንዳለው ጠይቁ፤ እድሩን፣ ማኅበሩን፣ ጸበሉን፣ ትምህርት ቤቱን እወቁ፤ ሕክምናችሁን ባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን ባለው ነገር ላይ ሥሩት ይሉናል። እኔም ዞርኩ። ሰውን ሁሉ ባንዴ ከቤቱ የሚያወጣ ምን አለ ብዬ አየሁ። አንድ ነገር ብቻ አገኘሁ።

ሽታዬ፦ ሞትን።

ኢዮስያስ፦ ጥሩንባውን ማለቴ ነው።

ሽታዬ፦ እኔም እሱኑ ማለቴ ነው።

ኢዮስያስ፦ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ አቶ በድሉ መጀመሪያ እምቢ ብለውኝ ነበር። ይህን ለግፊት አልነፋም አሉኝ። ደም ግፊት ስንቱን ሰው ሳያመው እየገደለ፣ ሞት ከመጣ በኋላ ከሚነፉ ሳይመጣ ቢነፉ ምናለበት ብዬ አግባባኋቸው። ነፍተው ሲጨርሱ «ግፊት የሚለካበት ቀን ነው፣ ወደ እድሩ ቤት ውጡ» ሊሉልኝ ተስማማን።

ሽታዬ፦ ምላስህስ ቅቤ ነው። ታዲያ ጥሩንባ ከጮኸ በኋላ ቃሉን ቆሞ የሚጠብቅ ጆሮ የማን ነው? ያኔ ያ ሰው አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ተኝቷል። አብራው ያለችው ልጄ ማታ እደውላለሁ ብላ ሳትደውል ቀረች። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ያ ጥሩንባ በሬ ላይ ጮኸ። ምን ልበል? ግፊት ይሆናል ብዬ ፊቴን ልታጠብ?

ኢዮስያስ፦ እውነትዎን ነው።

ሽታዬ፦ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ወጣሁ። ጫማም አላደረግኩ። በድሉ «ግፊት ነው፣ ግፊት ነው» እያለ ይከተለኛል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ጎረቤቱ እኔን ሰምቶ ድንኳን ያወጣል። ያንተ መለኪያ ከቦርሳው ሳይወጣ ድንኳኑ ተተከለ።

ኢዮስያስ፦ ልጅዎ ስትደውል ነው የቆመው አሉኝ።

ሽታዬ፦ ስትደውል ሰው ሁሉ ደረቱን እየመታ ነው። «እማዬ፣ ምን ጩኸት ነው? አባዬን ዛሬ ከሆስፒታል ሊያስወጡልኝ ነው» አለችኝ። እስቲ አስበው። ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል፣ ንፍሮው ተጥዷል፣ ሟቹ በሚኒባስ እየመጣ ነው። ሳቅህ?

ኢዮስያስ፦ አልሳቅኩም። ሳል ነው።

ሽታዬ፦ ሳቅ ነው። ግዴለም፣ ብቻዬን ስሆን እኔም ያመልጠኛል።

ኢዮስያስ፦ እትዬ፣ ነገሩን ላቋርጥዎትና አንድ ነገር ልጠይቅ። ጋሼ ሌሊት ጋደም ብለው ነው ወይስ ተቀምጠው ነው የሚያድሩት?

ሽታዬ፦ እኔ ምን አውቄ።

ኢዮስያስ፦ ሲራመዱ ይደክማቸዋል?

ሽታዬ፦ ምን አውቄ አልኩህ።

ኢዮስያስ፦ እንዴት ነው አንድ ቤት እየኖሩ...

ሽታዬ፦ ቤቱ አንድ ነው፣ ክፍሉ ሁለት ነው። እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ። ሰፈሩን ዞርኩ ትላለህ፣ የኛን ኩርፊያ ሳትሰማ ነው የዞርከው? ውሻው እንኳ ያውቃል እኮ።

ኢዮስያስ፦ እንደተኳረፋችሁ ሰምቻለሁ። ጊዜያዊ መስሎኝ ነበር።

ሽታዬ፦ ስምንት ዓመት ሆነው።

ኢዮስያስ፦ ስምንት ዓመት ሳትነጋገሩ?

ሽታዬ፦ ጥሩ ጸጥታ ነበር፣ አንተ እስክትመጣ።

ኢዮስያስ፦ ምን ቢያደርጉዎት ነው?

ሽታዬ፦ ነገርን ከሥሩ ትላለህ? እሺ ስማ። ወንድሜ ሞተ። አንድ ወንድም ነው የነበረኝ፣ ታናሼ ነው፣ በጀርባዬ ያሳደግኩት። ያ ሰው ለሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ነበር፤ ተላከበት፣ አልደረሰም። ቀብሩ አለፈ፣ ሠልስቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ መጣና በዚህ በር ገባ። «እንዴት ወንድሜ ሲቀበር ትቀራለህ?» ብዬ አለቀስኩበት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ብደርስስ፣ ላስነሳው ነበር?» አለኝ።

ኢዮስያስ፦ ከባድ ቃል ነው።

ሽታዬ፦ ከዚያን ቀን ወዲህ አላናገርኩትም። ይቅርታ ይበለኝ ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ደግሞ እኔ እስክቀድመው ጠበቀ መሰለኝ። እንዲሁ ስንጠባበቅ ፀጉራችን ነጣ።

ኢዮስያስ፦ ታዲያ በምን ትግባቡ ነበር? ምግብ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ስንት ነገር አለ።

ሽታዬ፦ ድመት አለችን።

ኢዮስያስ፦ ድመት?

ሽታዬ፦ «አንቺ ድመት፣ ምሳ ቀርቧል በይው» እላለሁ። እሱም ከዚያ ሆኖ «ድመቴ፣ አልራበኝም በያት» ይላል። የመጀመሪያዋ ሞታ ሁለተኛዋ ናት አሁን ያለችው። እሷም ለምዳዋለች፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ ዞር አትልም።

ኢዮስያስ፦ መድኃኒታቸውንስ?

ሽታዬ፦ ልጄ ከሆስፒታል ስታመጣው ጠረጴዛ ላይ ደርድራለት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ጠዋት ጠዋት ለድመቷ «መድኃኒቱ እዚያ ነው» እላታለሁ።

ኢዮስያስ፦ ድመቷ የቱ ሽንት እንደሚያሸና፣ የቱ ልብ እንደሚያግዝ ለይታ ትነግራቸዋለች?

ሽታዬ፦ ካንተ ጥሩንባ ትሻላለች፣ አትሳለቅባት።

ኢዮስያስ፦ አልተሳለቅኩም። ተጨንቄ ነው። እባክዎ ይክፈቱልኝ፣ አይቻቸው ወዲያው እወጣለሁ።

ሽታዬ፦ ምን ያጣድፍሃል? እግርህ መሬቱን ሲደልቅ በበሩ ሥር ይታየኛል። የፈሰሰ ውሃ ላይታፈስ።

ኢዮስያስ፦ ግን እትዬ፣ የተቀየሙኝ ስለደነገጡ ብቻ አይመስለኝም። የነፉት አቶ በድሉ ናቸው፣ እሳቸውን ይቅር ብለዋቸዋል። ትናንት እዚሁ ገብተው ጠላ ጠጥተው ወጡ አሉኝ። በሩ የተዘጋው በኔ ላይ ብቻ ነው።

ሽታዬ፦ በድሉ አስደነገጠኝ። አንተ ግን ዘረፍከኝ።

ኢዮስያስ፦ ምንዎን ዘረፍኩ?

ሽታዬ፦ ቂሜን። ስምንት ዓመት አቅፌ ያሳደግኩትን። ለቤቴ ሰው ያላሳየሁትን ለሰፈሩ ሁሉ አስዘረገፍከኝ። ሙሾ አወጣሁ እኮ ልጄ። ሙሾ አውጪ ሳይጠራልኝ ራሴው አወጣሁለት።

ኢዮስያስ፦ ሰምቻለሁ።

ሽታዬ፦ ምን ሰማህ?

ኢዮስያስ፦ ሴቶቹ ጤና ጣቢያ ሲመጡ ይሉታል። «የሰው በር ስትሠራ ስትገጥም የኖርከው...»

ሽታዬ፦ ድምፅህን ቀንስ። መስኮቱ ክፍት ነው።

ኢዮስያስ፦ «የኛን በር ለማን ነው ዘግተህ የሄድከው?» እያሉ አንዲት እናት ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በሽተኛዬ ነበሩ፣ ግፊታቸውን ልለካ አልቻልኩም።

ሽታዬ፦ ይቺስ ደህና ናት። ለማንም አናጢ ትሆናለች። ሁለተኛዋ ናት ያዋረደችኝ።

ኢዮስያስ፦ እሷን አልነገሩኝም።

ሽታዬ፦ ከበሩ ተጠጋ። ጮክ ብዬ አልላትም።

«እኔ ስጠብቀው እሱም ሲጠብቀኝ፣
አንድ ‹አንቺ› ሳይለኝ አፈሩ ቀደመኝ።»

ኢዮስያስ፦ ይህችን በለቀስተኛው ሁሉ ፊት አሉ?

ሽታዬ፦ አልኳት።

ኢዮስያስ፦ የለመኑት እርስዎ ሆኑ እንግዲህ።

ሽታዬ፦ አየህ። ማን በደለ፣ ማን ተበደለ? የተበደልኩት እኔ፣ የለመንኩት እኔ፣ ያውም ገበያ ሙሉ ሰው ፊት። አሁን ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ በጎን እያዩኝ ፈገግ ይላሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልስልኛል?

ኢዮስያስ፦ ጋሼ ይህችን ሰምተዋታል?

ሽታዬ፦ ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ለቆመ ሰው ሙሾውን አይነግሩትም፣ ሞቱን መጥራት ነው። ሙሾ መውጣቱን ግን ሰምቷል። የመጣ ቀን በዚህ በር ሲገባ ድንኳኑ ገና አልተጠቀለለም ነበር። ቆሞ አየው። አየኝ። «ድመቴ፣ ማነው የሞተው በያት» አለ።

ኢዮስያስ፦ ምን መለሱላቸው?

ሽታዬ፦ ምን እመልሳለሁ? ንፍሮውን አቀረብኩለት። ተቀቅሎ ከሚበላሽ።

ኢዮስያስ፦ ንፍሮውን በጨው ነው ያቀረቡላቸው?

ሽታዬ፦ ንፍሮ ያለ ጨው ይበላል እንዴ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

ኢዮስያስ፦ ከዚያስ ወዲህ? ወጡ፣ ሽሮው፣ ድንቹ፣ ሁሉም ጨው አለው?

ሽታዬ፦ አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? የገዳም መነኩሴ አይደለሁ።

ኢዮስያስ፦ እትዬ፣ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አብጧል። ሌሊት እንደ ሰው ጋደም ማለት አልቻሉም፣ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያነጉት። ልባቸው ደክሟል፤ ጨው ሲገባ ውሃው ሰውነታቸው ውስጥ ይቀራል፣ ሳንባቸው ድረስ ይወጣል። የሚያፍናቸው እሱ ነው።

ሽታዬ፦ ቆይ።

ኢዮስያስ፦ ዛሬ ካልታዩ...

ሽታዬ፦ ቆይ አልኩህ። እግሩ ማበጡን ማን ነገረህ?

ኢዮስያስ፦ ይህ በሽታ እንዲህ ያደርጋል።

ሽታዬ፦ «እስከ ጉልበታቸው» አልከኝ። ግድግዳ መደገፉንም ነገርከኝ። እኔ ያላየሁትን አንተ በሽንቁር አየህ? ከዚህ ቤት ሰው አልወጣም፣ ወደዚህ ቤትም ከበድሉ በቀር ሰው አልገባም። በድሉ ደግሞ ከጠላው ጋር እንጂ ከበሽተኛው ጋር አላወራም።

ኢዮስያስ፦ ምዬላቸዋለሁ፣ እትዬ።

ሽታዬ፦ ለማን?

ኢዮስያስ፦ አይጠይቁኝ።

ሽታዬ፦ ድመቷ ነገረችህ?

ኢዮስያስ፦ ራሳቸው ደወሉልኝ። ዛሬ ጠዋት። ከዶክተር ቤዛዊት ጋር መጥተን የመለሱን ቀን ስልክ ቁጥሬን ለልጅዎ ሰጥቻት ነበር፤ እሷ ለሳቸው ሰጠቻቸው። ሹክ እያሉ ነው ያወሩኝ። በየቃሉ መሀል ያርፋሉ። «እኔ እንደጠራሁህ እንዳትነግራት፣ ለራስህ ጉዳይ እንደመጣህ ሁን» አሉኝ። ድንጋዩንም ዛሬ የተሸከምኩት ለዚያ ነው። ማልኩላቸው፣ አሁን በላሁት።

ሽታዬ፦ ለሐኪም ደውሎ ለኔ እንዳትነግራት አለ።

ኢዮስያስ፦ እንዲያ አይውሰዱት።

ሽታዬ፦ እንዴት ልውሰደው? ጨው መከልከሉንስ ያውቃል?

ኢዮስያስ፦ ሆስፒታል ሲወጡ ነግረዋቸዋል።

ሽታዬ፦ አውቆ ነው የሚበላው?

ኢዮስያስ፦ አውቀው ነው።

ሽታዬ፦ ከምናገራት ልሙት ብሎ።

ኢዮስያስ፦ እኔም እንደርስዎ አስቤ ተቆጣኋቸው። ለድመቷም ቢሆን ይንገሯት እንጂ አልኳቸው። ያሉኝን ልንገርዎት? «አልቅሳልኝ የሠራችውን ምግብ፣ ጨው አለው ብዬ ልመልስባት?» አሉኝ።

ሽታዬ፦ ለካ ለዚያ ነው!

ኢዮስያስ፦ እትዬ?

ሽታዬ፦ ሳህኑ።

ኢዮስያስ፦ ምን አሉኝ?

ሽታዬ፦ ሳህኑ ባዶውን ይመለስ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ እያስተረፈ ይመልስ የነበረ ሰው፣ ከመጣ ወዲህ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ ነው የሚመልሰው። እኔ ደግሞ ጣፈጠው ብዬ ደስ አለኝ። ሆስፒታል ጎድቶት ነው፣ ቤቱ ናፍቆት ነው ብዬ። ጨመርኩለት።

ኢዮስያስ፦ ወጡን?

ሽታዬ፦ ጨውንም። ድሮ ጨው ይወድ ነበር። እኔው ነኛ በእጄ የማሳብጠው። በጥሩንባ ያልሞተውን ሰውዬ በሽሮ ልገድልልህ ነበር።

ኢዮስያስ፦ አላወቁም፣ እትዬ።

ሽታዬ፦ አንድ ቤት ውስጥ ሆኜ አላወቅኩም። ከዚህ የባሰ ምን ስድብ አለ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። የዛሬውም ወጥ ወርዶ ቀርቦለታል፣ እስካሁን ጀምሮት ይሆናል።

ኢዮስያስ፦ ስለዚህ ይክፈቱልኝ።

ሽታዬ፦ እሺ፣ ጨውን ዛሬውኑ አቆማለሁ። ለድመቷ እነግራታለሁ። አንተ ሂድ።

ኢዮስያስ፦ ያ ብቻ አይበቃም። ውሃው ተጠራቅሟል። ደረታቸውን ማድመጥ አለብኝ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደዋጡ፣ የትኛውን እንዳልዋጡ ማየት አለብኝ። ምናልባት አምቡላንስ እጠራለሁ።

ሽታዬ፦ ይህን በር አሁን ከከፈትኩልህ አንተን መጥራቱን አወቅኩ ማለት ነው። ስለሱ ተጨነቅኩ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በሙሾ ለመንኩት፣ ዛሬ ደግሞ በበር ልለምነው?

ኢዮስያስ፦ ሰውየው ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ እርስዎ ማን ቀደመ ይላሉ?

ሽታዬ፦ አንተ ስንት ዓመትህ ነው?

ኢዮስያስ፦ ሠላሳ ሊሞላኝ ነው።

ሽታዬ፦ አግብተሃል?

ኢዮስያስ፦ አላገባሁም።

ሽታዬ፦ እንግዲያው ማን ቀደመ የሚባለውን አታውቀውም። እሱም በሽታ ነው፤ የናንተ መጽሐፍ አልጻፈው እንደሆነ እንጃ።

ኢዮስያስ፦ አልጻፈውም። ዶክተር ቤዛዊት ግን ነግራኛለች። ከጥሩንባው በኋላ ታባርረኛለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አድርጋ አነጋገረችኝ። «ጥሩንባው የሰፈሩ ነው፤ ስንት ሰው እንደሚሰበስብ አየህ እንጂ ስንት ለቅሶ ውስጡ እንዳለ አልጠየቅህም» አለችኝ። «ሂድና ያስለቀስካትን ሴት ስማ፤ እሷን ሳትሰማ ሌላ ቤት አልክህም» አለችኝ። ሰምቼዎታለሁ። እውነቴን ነው፣ እዚህ ቆሜ የሰማሁትን ክፍል ውስጥ አልሰማሁም። ግን የጋሼ ልብ እኛን አይጠብቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ሽታዬ፦ ተረቱንም ከሰፈሩ ሰበሰብክ።

ኢዮስያስ፦ የእናቴ ነው።

ሽታዬ፦ እናትህ ደህና ሰው ናት። ሌላ ምን አለህ?

ኢዮስያስ፦ ማን? እናቴ?

ሽታዬ፦ ያ ሰው። በስልክ። ለእግርና ለትንፋሽ ብቻ አይደውልም፣ አውቀዋለሁ። ሚስማር ሲወጋው እንኳ ዝም የሚል ሰው ነው። ሌላ ምን አለህ?

ኢዮስያስ፦ እሱንማ አልናገርም። አንዱን መሐላ በልቻለሁ፣ ሁለተኛውን አልበላም።

ሽታዬ፦ እንግዲያው ድንጋይህን እንደተሸከምክ ቁም።

ኢዮስያስ፦ እትዬ ሽታዬ።

ሽታዬ፦ እየሰማሁ ነው።

ኢዮስያስ፦ «ስለ ወንድሟ ያልኳት ቃል ካፌ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ እያኘክኳት አለሁ፣ አልዋጥልኝ ብላለች» አሉኝ።

ሽታዬ፦ እንዲህ አለ?

ኢዮስያስ፦ በርስዎ ፊት ለመናገር አፋቸው እንዳልታዘዘ ነገሩኝ። በክፍልዎ በር ላይ መጥተው ቆመው ሦስት አራቴ ተመልሰዋል።

ሽታዬ፦ ኮቴውን እሰማው ነበር። ውሃ ሊጠጣ የወጣ ይመስለኝ ነበር። ቀጥል፣ አልጨረስክም።

ኢዮስያስ፦ ጨርሻለሁ።

ሽታዬ፦ አልጨረስክም። አንዷን ይዘሃል፣ ከጉሮሮህ ትታወቃለች።

ኢዮስያስ፦ ስለሙሾዋ ነው።

ሽታዬ፦ ሰማት?

ኢዮስያስ፦ አልሰሟትም። አቶ በድሉን በስልክ ለመኗቸው፣ እምቢ አሏቸው። ጎረቤት በመስኮት ጠርተው ጠየቁ፣ ምላሷን ነክሳ ሄደች። ዛሬ እኔን ጠየቁኝ። እኔም ሁለተኛዋን ገና አላውቃትም ነበር። ተስፋ ሲቆርጡ ምን አሉኝ መሰለዎት? «ግዴለም፣ አትንገረኝ። ስምንት ዓመት ዝም ያለችኝ ሴት አንድ ጊዜ ስለኔ ተናግራለች። ያቺን ሙሾ ከራሷ አፍ ሳልሰማ አልሞትም።»

ሽታዬ፦ ሳልሰማት አልሞትም ነው ያለው?

ኢዮስያስ፦ እንደዚያ ነው ያሉት።

ሽታዬ፦ ቃል በቃል?

ኢዮስያስ፦ ቃል በቃል። እትዬ፣ እኔ እንደ ሐኪም አልመክርዎትም፣ እንደ ልጅዎ ግን ልለምንዎት። ሁለት መስመር ናት። ይንገሯቸው። ሰው የሚጓጓለትን ሲያገኝ...

ሽታዬ፦ ሞኝ ነህ?

ኢዮስያስ፦ ምነው?

ሽታዬ፦ ሳልሰማት አልሞትም እያለ ነው የምነግረው? እንግዲያውስ ሞቼ ነው የምትወጣው። አንተም አሁን ያልኩህን ትረሳታለህ። ለድመቷ እንኳ አልላትም። እስክናረጅ፣ ከዚህም በላይ እስክናረጅ፣ ሲጠይቃት ይኖራል።

ኢዮስያስ፦ በሩን... ከፈቱት?

ሽታዬ፦ ምን ቆመሃል? ያንን ድንጋይ አውርደህ በሩ ሥር ደግፈው። ያ ሰው ሲሰቅለው ዘመም አድርጎ ነው የሰቀለው፣ ካልያዙት ራሱን ይዘጋል። አምቡላንሱ ሲመጣ ክፍት ይሁን። ክፍሉ በግራ በኩል ነው፣ ጫማህን ጥረግ። ወይኔ፣ ሳህኑ ድምፅ አሰማ። ዞር በል፣ አሳልፈኝ። አንተ! ገብረየስ! ወጡን እንዳትነካው፣ ጨው አለበት።